ሱሉልታን ያሰማን እርጥብ አንሶላ

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛቸው ኦቦ ኢቲቻ መጀመሪያ ወደዚህ የዓለም ገና ክሊኒክ ግቢ የመጡ ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ስለዚህ የማወራው ዘበኛችን ጋሽ ፈቀደ የነገሩኝን ነው። ጋሽ ፈቀደ ደግሞ ወሬ ላይ ትንሽ ጨው መጨመር እንደሚወዱ ታውቃላችሁ። ኦቦ ኢቲቻ፣ የበዛ ከመሰለዎት እርስዎ ይቀንሱት።

አንድ ጠዋት ትከሻው ላይ የሽቦ ጥቅል ያንጠለጠለ፣ እጁ ላይ ወንጭፍ የያዘ ሰውዬ በሩን አንኳኳ። ጋሽ ፈቀደ ምን እንደፈለገ ጠየቁት፤ ሥራ ሊጀምር እንደመጣ ነገራቸው። ያኔ ከክሊኒኩ ጀርባ በቆሎ ይዘራ ስለነበር፣ ጋሽ ፈቀደ ወንጭፉን አይተው ወፍ ጠባቂ ተቀጠረ ብለው አስገቡት። ሰውዬው ግን በቆሎውን አልፎ ባህር ዛፉ ሥር ቆመ። ድንጋይ ላይ ሲባጎ አሰረ፤ አነጣጠረ፤ ለቀቀ። ሐሳቡ ሲባጎውን በዛፉ ጫፍ ላይ አሳልፎ የሬዲዮ አንቴናውን ሽቦ በእሱ መጎተት ነበር። ድንጋዩ ዛፉን አለፈ፣ ጣሪያውን አለፈ፣ የጋሽ ዳኜን መስኮት ሰብሮ ገባ።

ጋሽ ዳኜ ያኔ ሥራ አስኪያጅ አልሆኑም፤ የሂሳብ ሠራተኛ ነበሩ። ድንጋዩን ከነሲባጎው ይዘው በተሰበረው መስኮት ብቅ አሉና፣ "ይህ የማን ነው?" አሉ።

ኦቦ ኢቲቻ ከታች ሆነው፣ "የእኔ ነው። እባክዎ እንዳይለቁት፣ እዚያው ይያዙልኝ፤ ከፍታው ጥሩ ነው" አሏቸው።

የመጀመሪያው አንቴናችን ጫፍ ክረምቱን ሙሉ ከጋሽ ዳኜ ጠረጴዛ እግር ጋር ታስሮ ከረመ ይባላል። እውነት ነው፣ ጋሽ ዳኜ? ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲህ እውነት ነው።

አሁን ኦቦ ኢቲቻም የማያውቁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ስሜ ትህትና ነው። ስሜን የምናገረው፣ እዚህ ሁለት ዓመት ሠርቼ ድምፄን ሰምታችሁ የማታውቁ ስላላችሁ ነው። ከሱሉልታና ከቡራዩ ክሊኒኮቻችን ጋር የምንነጋገርበትን ሬዲዮ ክፍል የማጸዳው፣ ወረቀት የማመላልሰው፣ ኦቦ ኢቲቻ ጣሪያ ሲወጡ መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ኦቦ ኢቲቻ ጡረታ ሲወጡ ክፍሉን የሚረከብ ሰው ጠፋ። ዋናው ቢሮም የሚናገርበት ሰው ከሌለ ሽቦው ይውረድ፣ ክፍሉ የመድኃኒት ማስቀመጫ ይሁን አለ። ይህን ስሰማ ጋሽ ዳኜ ቢሮ ገባሁና መሬት መሬት እያየሁ፣ እኔ ልሞክር አልኳቸው።

አልተቆጡም። "ልጄ፣ አንቺ ደመወዝ ስትቀበይ እንኳ የምታመሰግኚው በሹክሹክታ ነው። ሬዲዮ ላይ ማን ይሰማሻል?" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ የሽኝቱን ንግግር እኔ እንዳደርግ አዘዙኝ። እዚህ ሁሉ ሰው ፊት ቆሜ እስከ መጨረሻው ከጨረስኩ ሽቦው ይቆያል፤ ሬዲዮውንም እኔ እረከባለሁ። መሃል ላይ አቋርጬ ከተቀመጥኩ ግን ሐምሌ ሲገባ ይወርዳል።

ስለዚህ ዛሬ የተንጠለጠለው ሽቦው ነው። ኦቦ ኢቲቻ፣ አይነሱ፣ ይቀመጡ። ወረቀቱ የሚንቀጠቀጠው በነፋስ ነው። አዎ፣ መስኮቱ ዝግ መሆኑን አያለሁ።

እሺ፣ ወደ እሳቸው ልመለስ። ከኦቦ ኢቲቻ ጋር አብሮ ውሃ መጠጣት ከባድ ነው። ሃይላንድ ገዝታችሁ ስትከፍቱ ካዩ መጥተው አጠገባችሁ ይቆማሉ። ሰላም ይሏችኋል፤ ስለ ቤተሰብ ይጠይቃሉ፤ ዓይናቸው ግን ጠርሙሱ ላይ ነው። ግማሽ ላይ ስትደርሱ ውሃ ለኩላሊት ጥሩ እንደሆነ ይነግሯችኋል። የመጨረሻዋን ጠብታ ስትውጡ ጠርሙሱን ከእጃችሁ ይቀበሉና አንገቱን ቆርጠው የሽቦ ማንጠልጠያ ያደርጉታል። ሽቦው በቀጥታ ዛፍ መንካት የለበትም፤ በመሃሉ ፕላስቲክ መግባት አለበት። አንድ ታካሚ ሐኪም መስለውት ሳምንቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ሰነበተ። ድኖ ነው የሄደው፤ በምን እንደዳነ ግን ዛሬም ያከራክራል።

ሌላው "ኦቨር" ነው። በሬዲዮ ስናወራ ኦቨር የምንለው እኔ ጨርሻለሁ፣ ተራው የእናንተ ነው፣ እሰማችኋለሁ ለማለት ነው። ኦቦ ኢቲቻ ግን በስልክም፣ በአካልም፣ በጸሎትም ይሉታል። ባለቤታቸው እማማ የሺወርቅ እዚህ ስላሉ ይመስክሩ። ኦቦ ኢቲቻ በስልክ፣ "ዛሬ ምሳ ሽሮ ነው? ኦቨር" ይላሉ። እማማም፣ "ሽሮ ነው፣ ኦቨር" ብለው ሲመልሱ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እኔን ማይክ ሊያስይዙኝ የሞከሩበት ቀን አለ። ቁልፉን ተጫኚና ሱሉልታን ጥሪ አሉኝ። ተጫንኩ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ቁልፉን ስለቀው፣ ሱሉልታ ያለችው አዋላጃችን ጣቢታ፣ "ዓለም ገና፣ ማን ነው የሚተነፍሰው?" አለች። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ኦቦ ኢቲቻ ብቻ አልሳቁም። ማይኩን ቀስ ብለው ከእጄ ወሰዱና፣ "ነፋስ ነው፣ ኦቨር" ብለው መለሱላት።

እንግዲህ ስለ ሽቦው። ኦቦ ኢቲቻ ከሥራ ሰዓት ውጭ የአማተር ሬዲዮ ሰው ናቸው። አማተር ማለት ማንም ሳይከፍለው፣ ወዶ፣ ከማያውቀው የሩቅ አገር ሰው ጋር በሬዲዮ ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ሰው ነው። ከእነዚህ ወዳጆቻቸው አንዱ የሽቦ አንቴና ላከላቸው። ካርቶኑ ላይ ለብዙ ሞገድ እንደሚሆን ተጽፏል። እውነትም ለብዙ ይሆናል። ሱሉልታ አመሻሽ ላይ ለምትፈልገው አንድ ሞገድ ግን አይሆንም።

ሱሉልታ ከእኛ እንጦጦ ማዶ ናት፤ ሬዲዮ ደግሞ ተራራ አይበሳም። ኦቦ ኢቲቻ ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ድምፁን እንደ ኳስ ወደ ሰማይ ትለጊዋለሽ፤ ሰማዩ አንጥሮ ይመልሰዋል። እኩለ ቀን ላይ ኳሱ ሱሉልታ ላይ ይወርዳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን የሰማዩ ጠባይ ይለወጥና ኳሱ ሱሉልታን ዘሎ ሌላ አገር ያርፋል። አንድ አመሻሽ ላይ ሱሉልታን ሲጣሩ አንድ የጣልያን አማተር መለሰላቸው። ሰውዬው ኢትዮጵያን በሬዲዮ ለማግኘት ብዙ ዓመት ሲጠብቅ ኖሮ ሊያለቅስ ደረሰ። ኦቦ ኢቲቻም ልባቸው ተነካ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፣ ስለ ልጆቹ አወሩ፣ ስለ ወይን አወሩ። ጣቢታ በዚያ ሰዓት ሱሉልታ ላይ ግሉኮስ አልቆባት ትጣራ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሱሉልታን የሚያገኘው ዝቅ ያለው ሞገድ ነው። ዝቅ ላለው ሞገድ ደግሞ እጥፍ የሚረዝም ሽቦ ያስፈልጋል። ስለዚህ ኦቦ ኢቲቻ ሜትር ይዘው አጥሩ ላይ ወጡና መለካት ጀመሩ። ወሩ ኅዳር ነው፤ ዓመቱ ያው የዘንድሮው ነው። አዲስ አበባን ከዙሪያዋ ከተሞች ጋር ያገናኛል፣ መሬት ይወስዳል የተባለው የማስተር ፕላኑ ነገር የሁሉንም ልብ አንጠልጥሎታል። በዚያን ሰሞን በዓለም ገና አጥር ላይ ሜትር ይዞ መታየት ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው በቀር የማያውቅ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። ቀያሽ መጣ ተባለ። አንድ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጥተው ማን እንደላካቸውና ምን እንደሚለኩ ጠየቋቸው።

ኦቦ ኢቲቻ ሰዉን ለማረጋጋት ፈልገው፣ "ምንም አይደል፣ ከዚህ እስከ ሱሉልታ ለማገናኘት ነው" አሉ።

ሽማግሌው፣ "ታዲያ ማስተር ፕላን ሌላ ምንድን ነው?" አሉ።

ከአጥሩ ያወረዷቸው ጋሽ ፈቀደ ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲያስረዱ ቆዩ። በመጨረሻ ሽማግሌው ሬዲዮ ክፍል ገብተው በጆሯቸው ሰሙ። ጣቢታ በዚያ ሰዓት አይጥ ጓንቷን እንደበላባት ለቡራዩ ታማርር ነበር። ሽማግሌው እስከ መጨረሻው አዳመጡና፣ አይጡ የሁላችንም ችግር መሆኑን ተናግረው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አጥር ማለፍ ስላልተቻለ ሌላ ዘዴ ተገኘ። ረጅሙን ሽቦ ወፍራም የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ጠቅልሎ ማሳጠር፣ ከጥቅልሉ በኋላ ደግሞ አጭር ጭራ ማንጠልጠል። እንዲህ ሲሆን አንቴናው የድሮውን ሥራውን ሳይተው አዲስ ሞገድ ይጨመርለታል። ቧንቧው ከየት እንደመጣ ጋሽ ዳኜ ያወቁት በማግስቱ ሽንት ቤት ገብተው ውሃ የለቀቁ ጊዜ ነው። ውሃው ወደ ታች አልሄደም። ወደ ጫማቸው ነው የመጣው።

ጭራው ከወጥ ቤቱ ጎን መውረድ ነበረበት፤ የሚይዘው ምሰሶ ግን የለም። ኦቦ ኢቲቻ ዞር ዞር ሲሉ የልብስ አጣቢያችንን የእትዬ ድንቅቱን የማስጫ ምሰሶ አዩ። ነቀሉት። እትዬ ድንቅቱ የታጠበ አንሶላ ተሸክማ ስትመጣ ገመዷ መሬት ላይ ተኝቷል፤ ምሰሶዋ ሽቦ ይዞ ቆሟል። አልጮኸችም። አንሶላዎቹን በሙሉ አንድ በአንድ በእሳቸው ሽቦ ጭራ ላይ ሰቀለቻቸው። ምሰሶዬን የወሰደ ሽቦውን ለቅቋል አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ተኳረፉ። ሰላምታ እንኳ በጋሽ ፈቀደ በኩል ነበር የሚላላኩት።

ኦቦ ኢቲቻ ለእልህ ብለው አንሶላውን እንዳላዩ ሆኑ። ሰኞ ነበር፤ አንሶላው ውሃ ያንጠባጥባል። እሳቸው ከሥሩ ቆመው የመለኪያውን መርፌ እያዩ አንቴናውን ያስተካክላሉ። መለኪያው ሽቦው ረዝሟል አላቸው። ጉጠታቸውን አውጥተው አንድ ክንድ ከስንዝር ቆረጡለት። መርፌው ቀጥ አለ። አመሻሹ ላይ ሱሉልታ እንደ ጎረቤት ተሰማች። ኦቦ ኢቲቻ ያን ቀን የሄዱት እያፏጩ ነው።

ማክሰኞ ሱሉልታ ጠፋች። ረቡዕም ጠፋች። ሐሙስ መጣች። ዓርብ ጠፋች። ኦቦ ኢቲቻ ፀሐይን ጠረጠሩ፣ ብየዳውን ጠረጠሩ፣ ሬዲዮሽን አቧራ አራግፊለት ብለው ጣቢታን ጠረጠሩ። አንድ ያልጠረጠሩት ነገር አንሶላውን ነው። ሰኞ አንሶላው ተሰቅሎ ሳለ ሬዲዮው ስለሠራ፣ ነገሩ ከአንሶላው ጋር ይያያዛል ብለው አላሰቡም። እርጥብ ጨርቅ ሽቦ ላይ ሲንጠለጠል ለሬዲዮው ሽቦው የረዘመ እንደሚመስለው ያውቃሉ፤ እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የቆረጡት ለእርጥብ አንሶላ ለክተው መሆኑን ግን ልብ አላሉትም። ኩርፊያ ዓይን ይጋርዳል።

ታኅሣሥ ገባ። ያን ጊዜ ሁላችሁም ስለምታውቁት ብዙ አልናገርም። መንገዱ ድንጋይ ነበር፣ ጭስ ነበር። ስልክ አልነበረም። በዚህ ሰፈር ልጃቸው ያልተመለሰላቸው እናቶች ነበሩ። ጋሽ ዳኜ አዲስ አበባ እንደወጡ እዚያው ቀርተዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ወደ ወጨጫ ተራራ ስታዘነብል፣ ጣቢታ ተጣራች። አንዲት እናት ወልዳለች፤ ልጁ ደህና ነው፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም ብሏል። ጣቢታ ከተመረቀች ዓመት አልሞላትም፤ ሱሉልታ ላይ ብቻዋን ናት፤ አምቡላንስ መውጣት አይችልም። ዋና ነርሳችን ሲስተር ሮማነወርቅ እየሮጡ መጥተው ማይኩን ያዙ። ስሟን ጠሩ። ጣቢታ አልሰማችም። እኛ እንሰማታለን፤ እሷ አትሰማንም። "ዓለም ገና፣ ዓለም ገና" ትላለች። ድምፅዋ ሲቀጥን ይሰማኝ ነበር።

ኦቦ ኢቲቻ ግቢው ውስጥ ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት። ምንም አልተበጠሰም። እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ቆሙ። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ጋሽ ፈቀደ ከበሩ ሆነው፣ "ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው" አሉ። "ሱሉልታ የምትሰማው ሰኞና ሐሙስ ነው፤ አንሶላ ሲታጠብ።"

ኦቦ ኢቲቻ ጭራውን አዩ። ባዶ ነው። ከዚያ ለሳምንታት ያልጠሩትን ስም ጠሩ።

"ድንቅቱ፣ አንሶላ!"

እትዬ ድንቅቱ ታማሚ የመጣ መስሏት ንጹሕ፣ የታጠፈ፣ ደረቅ አንሶላ ይዛ ወጣች።

"እርጥብ" አሏት።

"ታማሚ እርጥብ ላይ አይተኛም" አለች።

"ታማሚው ሽቦው ነው" አሏት።

እትዬ ድንቅቱ ያሉትን አንሶላዎች በሙሉ አመጣች። በርሜሉ ውስጥ ነከረቻቸውና እየሮጠች መስቀል ጀመረች። ኦቦ ኢቲቻ ከጭራው ሥር ናቸው፤ ሲስተር ሮማነወርቅ ሬዲዮው ጋ ናቸው። በመሃል ደጃፉ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። ሲስተር ማይኩን ሲጫኑ ሁሉም ከሽቦው እጁን እንዲያነሳ፣ ሲለቁ አንሶላ እንዲጨመር መጮህ ነበረብኝ። ጮኽኩ። አንሱ እላለሁ፤ ጨምሩ እላለሁ። ጋሽ ፈቀደ ድምፁ ከማን እንደመጣ ለማየት ዞረው ነበር። ሦስተኛው ወይም አራተኛው አንሶላ ላይ ጣቢታ፣ "ሲስተር፣ ሰማሁዎት" አለች።

ሲስተር ሮማነወርቅ ከዚያ በኋላ የተናገሩትን አልደግመውም፤ ነርሶች ታውቁታላችሁ። እጅሽን እዚህ አድርጊ፣ ሆዷን እንዲህ እሺው፣ ይህን ያህል ስጪ፣ አትፍሪ፣ እዚሁ ነኝ። ድምፃቸው አንዴም ከፍ አላለም። እስኪጨልም ድረስ እትዬ ድንቅቱ በጣሳ አንሶላ ስታረጥብ፣ እኔ ስጮህ፣ ደሙ ቆመ። እናቲቱ ተርፋለች። ልጇ አሁን መዳህ እየሞከረ ነው ብላለች ጣቢታ። ለእናቲቱ እንዴት እንደተረፈች ሲነገራት፣ ዓለም ገና ላይ አንሶላ ስለሰቀሉልሽ ነው ተባለች። ጠንቋይ ቤት ደውላችሁ ነው ወይ ብላ ተቆጣች አሉ፤ ጴንጤ ናት።

ኦቦ ኢቲቻ ያን ምሽት እትዬ ድንቅቱን ሁላችንም ፊት ይቅርታ ጠየቋት። ከዚያ እኔን፣ "ኢንተላ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ሂን ሙሪን፣ ደቻሲ።" አትቁረጪ፣ እጠፊ። ሽቦ ረዝሞ ቢገኝ ጫፉ ወደ ኋላ ታጥፎ ይታሰራል እንጂ አይቆረጥም። የታጠፈ ይዘረጋል፤ የተቆረጠ ግን ለእርጥብ አንሶላ ይዳርጋል። ይህን በየቀኑ ይሉኛል። ዳቦ ስቆርጥ እንኳ ይሉኛል።

የቆረጡትን ቁራጭ ለመቀጠል ግቢውን በሙሉ ፈልገዋል። ቆራሌው ወስዶታል ብለው ተስፋ ቆረጡ። ሌላ ሽቦ እስኪገዛ ተባለ፤ መንገዱ ተከፈተ፣ ወራት አለፉ፤ ጋሽ ዳኜም የሚሠራን ነገር አትንኩ እያሉ አራት አንሶላ ለሬዲዮ ክፍሉ መደቡ። እትዬ ድንቅቱም ጠዋት ጠዋት እያረጠበች እስከ ትናንት ድረስ ሰቅላቸዋለች። ሌላ ቦታ አንሶላ የሚለብሰው ታካሚ ነው፤ እኛ ጋ አንቴናውም ይለብሳል።

ኦቦ ኢቲቻ፣ አሁን ለእርስዎ ልናገር።

እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። አባቴ ከሆሳዕና ለግንባታ ሥራ ሲመጣ ተከትዬው መጣሁ፤ እዚህ የማውቀው ሰው አልነበረም። ሰው የሚናገረኝ ጥረጊ፣ አምጪ፣ ውሰጂ እያለ ነበር። እርስዎ ግን መሰላል ስይዝልዎ ከላይ ሆነው ምን እየሠሩ እንደሆነ ይነግሩኝ ነበር። ማንም ያልጠየቀዎትን ነው የሚነግሩኝ። እኔም አንድ ቀን ጠይቄዎት አላውቅም፤ አፍሬ ነው። ሁሉንም ግን ሰምቻለሁ። ዝም ያለ ሰው አይሰማም ማለት እንዳልሆነ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ሬዲዮም አብዛኛውን ጊዜ መስማት ነው ይሉኝ ነበር። የተነፈስኩ ቀን ነፋስ ነው ስላሉልኝ አመሰግናለሁ። ገለቶማ።

ዋናው ቢሮ ዕድሜዎ ሞልቷል ብሏል፤ ዕድሜ ከሞላ ሰው ይወጣል፤ ደንብ ነው። እኛ ግን ያስተማሩንን አንረሳም። እርስዎን አልቆረጥንዎትም። ወደ እማማ የሺወርቅ በኩል አጠፍንዎት። ሱሉልታ የጠፋች ቀን መጥተን እንዘረጋዎታለን።

አንድ ስጦታ አለን። ጋቢው ከሁላችንም ነው፤ እሱን በኋላ ይለብሱታል። ይኼኛው ከእትዬ ድንቅቱና ከእኔ ነው። ትናንት እትዬ ድንቅቱ የዶሮ ቤቱን በር ስትከፍት አብሬያት ነበርኩ። በሩ የሚዘጋው በሽቦ ታስሮ ነው። አንድ ክንድ ከስንዝር ሽቦ። ያን ሰኞ ከመሬት ያነሳችው እሷ ናት። ለምን አልነገርሽም ስላት፣ "ሁሉንም ሰው ጠየቀ፤ እኔን ግን የኩርፊያው ልማድ ይዞት አልጠየቀኝም" አለችኝ። እሳቸው ደግሞ ቆራሌው ወስዶታል ስላሉ፣ የሚፈልጉት ሌላ ሽቦ መስሏት ነው። ዶሮዎቹ ስድስት ወር በአማተር አንቴና ተቆልፈው ኖረዋል።

ዛሬ ጠዋት መሰላሉን ጋሽ ፈቀደ ያዙልኝ፤ እኔ ወጣሁ። ቁራጩን ጭራው ላይ ቀጠልኩት። መለኪያው ትንሽ ረዝሟል አለኝ። ጉጠቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። ጫፉን አጠፍኩት። አንሶላዎቹን አወረድኳቸው፤ በመስኮቱ ማየት ትችላላችሁ፣ ጭራው ባዶ ነው። በዚህ ሰዓት ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እስካሁን አልሞከርኩትም። የምሞክረው አሁን፣ እናንተ ፊት ነው። በሩን የከፈትኩት የሬዲዮው ማይክ እስከዚህ እንዲደርስልኝ ነው።

እንግዲህ እጫናለሁ።

ሱሉልታ፣ ሱሉልታ፣ ዓለም ገና ነኝ። ትህትና ነኝ። ይሰማል? ኦቨር።

ሰማችሁ? ለኋላ ወንበሮች ልድገመው። "ዓለም ገና፣ ጥርት ብለሽ ትሰሚያለሽ። ነፋሱ አንቺ ነበርሽ እንዴ?" ነው ያለችው። ከኋላዋ የሚያለቅሰው ሕፃን ነው። ቡራዩ ሬዲዮ ላይ ያለው አማኑም ሳይጠሩት ገብቶ፣ ለኦቦ ኢቲቻ ኡሙሪ ዴራ ብሏል፤ ረጅም ዕድሜ ማለቱ ነው።

ጋሽ ዳኜ፣ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁላችሁም አይታችኋል።

አሁን ለስላሳችሁንም፣ ውሃችሁንም አንሱ። ለኦቦ ኢቲቻ ጤና፤ ለእማማ የሺወርቅ ትዕግሥት፤ የቤታችሁ ጣሪያ ከወንጭፍ ይጠበቅ፤ በርሜላችሁ ውሃ አይጣ፤ ልጆቻችሁ ከሄዱበት በሰላም ይግቡ፤ በዚህ ሰፈርም በዚያ ማዶም መንገዱ ክፍት ይሁን። ጠጡ። ሃይላንድ የያዛችሁ ጠርሙሱን እንዳትጥሉ፤ ለእኔ ስጡኝ፤ ከእንግዲህ አጠገባችሁ የምቆመው እኔ ነኝ።

ኦቦ ኢቲቻ፣ ማይኩ ይኸው። ሱሉልታና ቡራዩ እየጠበቁዎት ነው። እኔም እየሰማሁ ነው። ኦቨር።